ፍሬውን ሰንጥቃችሁ እዩ

ውድ ልጆቼ፣

በሰብል ጥበቃ ሙያ ለጀመራችሁት ይህን እጽፋለሁ። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ድርቅና ጎርፍ ቀድመው ይታሰባሉ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በቡና ማሳ ስላሳለፍሁ የማነሣው ከሁለት ሚሊሜትር እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ ነው። እናቲቱ እሸት ቡናውን እምብርቱ ላይ በስታ ትገባና ውስጡ ባለው ፍሬ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም ፍሬውን እየበሉ እዚያው ያድጋሉ፣ እዚያው ይራባሉ።

ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ዕድገቷ ስለሚቆም ደጋ ቀመሱን ቡናችንን ብርዱ ሲጠብቀው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጅማ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1984 በፊት የነበረው ቅዝቃዜ ጥንዚዛዋን በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ አያስጨርሳትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ለማፍራት የሚበቃ ሙቀት አግኝታለች።

የራሴን ጥፋት ልናገር። በወጣትነቴ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚገኝ ማሳ ስጎበኝ «እዚህማ ብርድ ነው» ብዬ አንድም ፍሬ ሳልሰነጥቅ በመዝገቤ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ዛፍ ላይ የቀረ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ስፈለፍል ዱቄት የመሰለ ብናኝ መዳፌ ላይ ፈሰሰ፤ በመካከሉ ጥንዚዛዎች ይርመሰመሱ ነበር። መቼ እንደደረሱ ለማወቅ የእኔ «የለም» ምንም አልጠቀመም።

ለውጡ ተክሉንም ይነካል። ዝናቡ ሲዘበራረቅ ቡናው ደጋግሞ ያብባል፤ ያን ጊዜ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ለጋ፣ የበሰለና የደረቀ ፍሬ አብረው ስለሚገኙ ጥንዚዛዋ ምግብ የምታጣበት ወቅት ያጥራል። የቅጠል በሊታ ትሎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ በአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ በብዙ ተክሎች ቅጠል ያለው ናይትሮጂን ስለሚሳሳ፣ ትሉ የሚበቃውን ፕሮቲን ለማግኘት አብዝቶ ይበላል።

ገበሬው ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዋንዛ ወይም ብርብራ ሊቆርጥ ሲነሣ ከጥላው ሥርና ከፀሐዩ ላይ ያለውን ሙቀት ለክታችሁ አሳዩት፤ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ለጥንዚዛዋ የአንድ ትውልድ ያህል ሊሆን ይችላል። ፍሬ ውስጥ ለተደበቀች ተባይ የሚረጭ መድኃኒት፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ፣ እምብዛም አይደርስም። ይልቅስ ለቀማው ሲያልቅ ዛፍና መሬት ላይ የቀረውን ጀንፈል አስለቅሙ፤ የከርሞዋ ጥንዚዛ የምትቆየው እዚያ ነውና።

ማሳ በገባችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ከፍታውን፣ ሙቀቱንና የሰነጠቃችሁትን ፍሬ ብዛት መዝግቡ። መቶ ሰንጥቃችሁ ጥንዚዛ ካላገኛችሁ «ከ100 ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «የለም» አትበሉ።