መልስ፦ ለማይግሬን የታዘዘልሽ ፕሮፕራኖሎል

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። «ፕሮፕራኖሎል ሁለት ሳምንት ውጬ ለውጥ አላየሁም፣ ላቁመው?» ላልሽው፣ እባክሽ አትቸኩዪ። መድኃኒቱ ራስሽን ሲያምሽ የሚዋጥ ማስታገሻ ሳይሆን ሕመሙ እንዳይደጋገም በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ሐኪሞች ከትንሽ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምሩታል፤ ለውጡን ለማየት እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በድንገት ማቆም የልብ ምትንና ግፊትን ሊያሻቅብ ስለሚችል በራስሽ አታቋርጪው።

አስም ካለብሽ ግን ዛሬውኑ ሐኪምሽን አግኚ፤ መድኃኒቱ የአየር ቧንቧን ያጠብባል። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ዳገቱን ስትወጪ ከወትሮው የባሰ ድካም ወይም ማዞር ከተሰማሽም ንገሪው።

ጿሚ ከሆንሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ራሱ ማይግሬን ይቀሰቅሳልና የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ማስታገሻ በየቀኑ መዋጥም ሕመሙን ያባብሳል። ያመመሽን ቀን ደብተር ላይ እየጻፍሽ ለቀጠሮሽ ያዢው።