ተሽሏታልና መድኃኒቱን ላቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ውሻዬ 20 ኪሎ ትመዝናለች። ከአንድ ወር በፊት ድክምክም ብላ ምግብ እምቢ አለች፣ ድዷም ነጣ። ሐኪም ጋ ስወስዳት «የራሷ ሰውነት ቀይ የደም ሴሎቿን እየገደለ ነው» ተባልኩና ባለ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በቀን 8 ፍሬ ታዘዘላት። አሁን ተሽሏታል፣ ትጫወታለች። ግን ውኃ ጠጥታ አትጠግብም፣ ቤት ውስጥ ትሸናለች፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ሌሊቱን ሙሉ ታለከልካለች። ጓደኛዬ «ስቴሮይድ እኮ ነው፣ ቶሎ አቁም» አለኝ። ላቁም? ትንሽ ስለምታነክስ የሕመም ማስታገሻስ ልስጣት? ድመቴም ሰሞኑን ራሷን እያከከች ጸጉሯን ጨርሳለች፤ ከዚሁ ብቆርስላትስ?

መልስ፦ አያቁሙ። ሌላውን ባያነቡት እንኳ ይቺን ይያዙልኝ።

8 ፍሬ ሲያዩ ቢደነግጡ አይፈረድብዎትም፤ ስሌቱ ግን ልክ ነው። ፕሬድኒሶሎን በትንሹ ሲሰጥ፣ ማለትም በቀን በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም፣ የተቆጣ ቆዳ ወይም መገጣጠሚያ ያበርዳል። ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሳ ግን ያ አይበቃም፣ ለውሻ ብዙ ጊዜ በኪሎ 2 ሚሊግራም ያስፈልጋል። 20 ኪሎ በ2 ሲባዛ 40 ሚሊግራም ነው። ያው 8 ፍሬ።

ድንገት ማቆም ለምን አደገኛ ሆነ? ኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመርታሉ፣ ፕሬድኒሶሎንም የዚሁ ሆርሞን ዘመድ ነው። ከውጭ በገፍ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል፣ ዕጢዎቹም ሥራ ፈትተው ይኮሰምናሉ። አንድ ቀን ጠዋት ተነስተው መድኃኒቱን ሲተዉት ከውጭ የለም፣ ከውስጥም የለም። ማስመለስ፣ መዝለፍለፍ፣ ባስ ሲልም ራስን ስቶ መውደቅ ይከተላል። በዚያ ላይ በሽታው ገና አልለቀቃትም። ድዷ የቀላው ሰውነቷ ደሟን ማጥቃቱን ስለተወ ሳይሆን መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ ሲያገረሽ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ማስታገሱ ሊከብድ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው «መቼ ላቁም» ሳይሆን «እንዴት እንቀንስ» ነው። በተለምዶ የደም ምርመራ ይደረግና የቀይ ሴሎቿ ድርሻ ከደሟ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ለ2 ሳምንት ያህል ከረጋ ሩቡ ይቀነሳል። ለእርስዎ ውሻ 8 የነበረው 6 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በየ3 ሳምንቱ ገደማ ደም እየታየ ሌላ ሩብ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ረጅም ነው፣ ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን እባክዎ አንዷንም ደረጃ አይዝለሉ፣ ደሟ ሳይታይም አይቀንሱ።

አሁን ያስቸገረዎት ውኃ፣ ሽንትና የሆድ መነፋት ከመድኃኒቱ ነው፣ መጠኑ ሲወርድ አብሮ ይቀንሳል። ውኃ ግን እንዳይከለክሏት! ይልቅ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንዴ ያውጧት። መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ይስጧት። ካልቻሏት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንደ አዛታዮፕሪን፣ ሳይክሎስፖሪን ወይም ማይኮፌኖሌት ያለ ሁለተኛ መድኃኒት ጨምሮ ስቴሮይዱን ቶሎ ማውረድ ይቻል ይሆናል። እነሱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አዛታዮፕሪን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ መቅኔንና ጉበትንም ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው ደም ያስመረምራል፤ ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ብዙ ውሾችን ያስመልሳቸዋል፣ ተቅማጥም ያስይዛቸዋል።

በየቀኑ ከንፈሯን ገልጠው ድዷን ይዩ። ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ማለክለክ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ተኝታ እያለች ለመተንፈስ ከታገለች ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ በሽታ ደሟ ደም ሥር ውስጥ ይረጋና የረጋው ደም ሳንባ ላይ ይሄዳል፤ እነዚህን ውሾች ከሚገድሏቸው ዋነኞቹ አንዱ ይህ ነው። ክሎፒዶግሬል ወይም ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አብሮ ከታዘዘላት እሱንም አያቋርጡ።

የሕመም ማስታገሻ በራስዎ አይስጧት። ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም ወይም አስፕሪን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲገናኙ ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ። ሰገራዋ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከሆነ ውስጧ እየደማ ነው። ማነከሷን ለሐኪሙ ይንገሩት። ክትባት ከደረሰባትም መጀመሪያ ይጠይቁ፣ በዚህ መጠን ላይ ያለች ውሻ ሕያው ተህዋስ ያለበት ክትባት አትከተብም።

ለድመቷስ? አይሆንም። የሚያሳክካት ቁንጫ፣ የእከክ ተባይ ወይም ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ከሆነ ስቴሮይድ ያባብሰዋል። ድመት ላይ ደግሞ ስቴሮይድ ስኳር በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ለውሻ ማሳከክ የሚሰጠውን ሎኪቬትማብ የሚባል መርፌም አያስቡት፤ ለውሻ ብቻ የተሠራ አንቲቦዲ (ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያመርተው ዓይነት ፕሮቲን) ነው። አዛታዮፕሪንማ ድመት ዘንድ ጭራሽ አይደርስም፣ መቅኔዋን ያጠፋዋል። አስመርምሯት።

ጥያቄ፦ ላሜ ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል። ትኩሳትና ሳል ይዟታል። አንድ ሰው «ዴክሳሜታዞን ውጋት፣ ወዲያው ትነሳለች» አለኝ። ልውጋት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይወጓት። ዴክሳሜታዞንም እንደ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው። እውነት ነው፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መብላትም ትጀምር ይሆናል፤ ሳንባዋ ውስጥ ያለው ኢንፌክሽን ግን የሚከላከለው ደክሞለት ይስፋፋል። ሁለተኛው ደግሞ ጽንሱ ነው። ጥጃ ለመወለድ ሲደርስ ምጡን የሚያስጀምረው የራሱ ኮርቲሶል ነው። ዴክሳሜታዞን ያንኑ ምልክት ያለጊዜው ይሰጣል፣ ለዚህም ሐኪሞች ሆን ብለው ምጥ ለማስጀመር ይጠቀሙበታል። ጥጃው ሳይጠና ሊወጣ፣ የእንግዴ ልጁም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሐኪም ሲጠሩ መጀመሪያ የምትወልድበትን ጊዜ ይንገሩት። ተወግታ ከሆነም አይደብቁ፤ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ የሚነግርዎ እሱ ነው።