የስሜን ተራሮች ፎቶዬ ለምን ነጣብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደን፣ ድንኳን ይዘን ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግራችን ተጓዝን። ካሜራና ሌንስ ተሸክሜ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ግን ሰማዩ ነጭ፣ ገደሉ ጥቁር። በዓይኔ ያየሁት ሌላ፣ ይዤ የመጣሁት ሌላ! ዘንድሮ ልመለስ አስቤያለሁ። የተሻለ ካሜራ ልግዛ?
ማ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። ያስቸገረሽ ወሩና ሰዓቱ ነው።

የስሜን ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በጥር ደግሞ ጀምበር ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትውል፣ የገደሉ ፊት አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃኑን ለገደሉ ስትመጥኚ ሰማዩ ይነጣል፣ ለሰማዩ ስትመጥኚ ገደሉ ከሰል ይሆናል። ውድ ካሜራ ትንሽ ያግዝ ይሆናል እንጂ ሁለቱን አያስታርቅልሽም።

እኔ ብሆን ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው የምሄደው። ያኔ ጀምበር ከምሥራቅ ቀጥታ ትወጣና ብርሃኗ የገደሉን ፊት በጎን እየዳሰሰ ያልፋል፣ ስንጥቁም ሸንተረሩም አንድ በአንድ ይለያል። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አለ። ዝናቡ ጨርሶ ላይወጣ ይችላል፤ እሱን አትጥዪው። ብዙ ሰው ደመና ሲያይ ካሜራውን ይከታል፣ ደመናው ተቀዶ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ብርሃን የሚወርደው ግን ያን ጊዜ ነው። ጉም ሲሸፍንሽ ዝናብ ልብስሽን ልበሺና እዚያው ቁጭ በይ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በዚያ ወቅት ጀምበር የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ጥሩው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ቁርስ በልተሽ ከወጣሽ አለቀ። ስለዚህ የምታድሪበትን ቦታ በፎቶው ምረጪ። እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ (3,926 ሜትር) ላይ ጎህ ሲቀድ መገኘት ከፈለግሽ ግጭ ካምፕ እደሪና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሺ። ስካውቱን፣ አብሮሽ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ፣ ማታውኑ አስማሚው፣ በጨለማ ገደል አፋፍ ላይ ብቻሽን አትንቀሳቀሺ። ይሄ ከከበደሽ ጨነቅ ይሻልሻል፣ አፋፉ ከካምፑ ቅርብ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ጀምበር ስትሞቅ ነው ወደ ሜዳው የሚወጡት። ወንዱን ከጀርባው ብርሃን ሲመታው አንሺው፤ የጋማው ጠርዝ ዙሪያውን ሲያበራ ታያለሽ።

ስታነሺ፣ ስልክም ይሁን ካሜራ፣ ስክሪኑ ላይ ደማቁን ደመና ነክተሽ ብርሃኑን ቀንሺ። የጨለመውን በኋላ ማንሳት ይቻላል፣ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም። በሮው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ፋይል) ብታነሺ ደግሞ በጣም ይረዳሻል።

ሸክምሽን በተመለከተ፣ አንድ ዙም ሌንስ ይበቃሻል። ሰው ሁሉ ሰፊ እይታ የሚያስገባውን ሌንስ ይዞ ይሄዳል፣ ስሜን ላይ ግን ተራራ ከተራራ ጀርባ ተደርድሮ የሚታየውን የሚያወጣልሽ ሩቁን የሚያቀርበው ሌንስ ነው። ትራይፖዱን ተዪው፣ ሻንጣሽን ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ ካሜራውን እሱ ላይ አስደግፊ። ድንኳኑንና ስንቁን በቅሎ ይሸከም፣ ካሜራው ግን ካንቺ አይለይ፤ ብርሃኑ ሲመጣ በቅሎዋ የት እንዳለች አታውቂም።

መንገዱን ከመነሳትሽ በፊት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሪ። ባትሪ ትርፍ ያዢ፣ ካምፕ ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ ብለሽ አትመኚ። ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ ማታ ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ከተሽ አሳድሪው።