ጥያቄና መልስ፦ በቀፊራ ጫጫታ መሐል የልብ ዕረፍት

ጥያቄ፦ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ማታ ልጆቼን አብልቼ ዳዊቴን ስገልጥ ሁለት ገጽ ሳልደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጠዋት ደግሞ አፌ ይጸልያል፣ ልቤ የሽንኩርት ዋጋ ያሰላል። እንደኔ ላለች ሴት መንፈሳዊ ሕይወት ይቻላል?
አንዲት እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እኅታችን፣ በደንብ ይቻላል። መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪው። ቀኑን ሙሉ በድሬ ሙቀት የዋለ ገላ ማታ ቁጭ ብሎ ይንቃ ማለት ግፍ ነው፤ የጣለሽ ድካም እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም። ለማታ አቡነ ዘበሰማያትና አጭር ምስጋና ይበቃል። ዋናውን ጸሎት ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሰል ሳታያይዢ፣ ስልክም ሳትነኪ አድርሺ። የነገውን ግዢና ዱቤ ማታውኑ በወረቀት ጻፊው። ያልተጻፈ ሒሳብ ነው ጠዋት ጸሎት ላይ የሚመጣው።

መጠኑንም አሳንሺ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጾም ሲገባ በየቀኑ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ አደርሳለሁ ብሎ ይነሣል፤ በሳምንቱ ይታክተዋል፤ ከዚያ ሁሉንም ይተወዋል። አንቺ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያዢ። ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ቁሚ፤ ከተቀመጥሽ እንቅልፉ ይመለሳል። አማትቢ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር ጨምሪ። ሳምንቱን ሙሉ ያው አንድ መዝሙር ይሁን። በግእዙ አቆጣጠር 130ኛው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ነፍስን ዝም ስለማሰኘት ስለሚናገር ላንቺ ይስማማል። ዓርብ ሲደርስ በቃልሽ ይዘሽው ገበያ ትሄጃለሽ። ስታነቢ ለራስሽ በሚሰማሽ ድምፅ ይሁን፤ ዓይን ብቻውን ሲያነብ መስመሩ ያልቃል፣ ልብ ግን የለም። ስግደት ከጨመርሽ ሦስት ይበቃል፤ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላትና በበዓለ ሃምሳ እንደማይሰገድ አትርሺ።

የሽንኩርቱ ዋጋ ትዝ ሲልሽ አትደንግጪ። ሐሳብ መምጣቱ ጸሎትን አያፈርስም፤ ተከትለሽው መሄድሽ ነው የሚያፈርሰው። እንደነቃሽ ካቆምሽበት ቃል ቀጥዪ እንጂ ከመጀመሪያው አትጀምሪ። እንደገና የሚጀምር ሰው በራሱ ይናደዳል፤ ንዴቱ ደግሞ ከሐሳቡ የባሰ ይረብሻል።

ገበያ ላይ፣ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ሙቀቱ ገዢውን ሲያሳሳው፣ 41 ፍሬ ያለውን የጸሎት መቁጠሪያ በነጠላሽ ሥር ያዢ። 4 እስክትቆጥሪ አየር በአፍንጫሽ ሳቢ፤ 6 እስክትቆጥሪ ቀስ አድርገሽ እያስወጣሽ በየፍሬው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ሁሉም ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ረዘም ያለ የትንፋሽ አወጣጥ የልብ ምትን ያረጋጋል። ጣትሽን ቢነዝርሽ ወይም ቢያዞርሽ በኃይል እየተነፈስሽ ነውና ለስለስ አድርጊው። ገዢ ከመጣ የደረስሽበትን ፍሬ ይዘሽ ሚዛኑን ሳታጎድዪ መዝኚለት፤ ያም ከጸሎትሽ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ እስከ ምሽት ጫት ስቅም ልቤ ይረጋል፣ ዱዓም ይመጣልኛል። ሌሊት ግን እስከ 8 ሰዓት ዓይኔ ይፈጣል፣ ሱብሒ (የንጋት ሶላት) ያልፈኛል፣ ጠዋት ከተሳፋሪ ጋር እጣላለሁ። ያ ሰላም እውነተኛ ነው?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስሜቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ብድር ነው፣ ጠዋት ከነወለዱ ትከፍለዋለህ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል የደስታ ስሜት የሚቀሰቅሰውን ዶፓሚን በብዛት እንዲለቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው ሰው የአወዳይ ከተማውን ትኩስ ጫት የሚሻማው። ምርቃናው (የጫቱ ሞቅታ) ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ትዕግሥት አይኖረውም።

ዛሬውኑ ቁረጥ አንልህም። በመጀመሪያው ሳምንት መጠኑን ሳትነካ ማብቂያውን ብቻ ቀይር፤ የዐስር (የከሰዓት በኋላው ሶላት) አዛን ሲል ጣለው። በሁለተኛው ሩቡን ቀንስ፤ በሦስተኛው ግማሹን። በአራተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ሳትቅም ዋል። መነጫነጭ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ዱካክ ይኖራል፤ ለአብዛኛው ሰው ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ነው። በጨብሲ (በመጠጥ) ልታበርደው አትሞክር፤ እንቅልፍህን ጭራሽ ያበላሸዋል። ከቅጠሉ ይልቅ የሚከብደው ጓደኛ ነው። በርጫው (የጫት ቅሚያው ስብስብ) በሚደምቅበት ሰዓት ባጃጅህን አስነሣና ሥራ።

ባዶውን ሰዓት በሌላ ነገር ካልሞላኸው ተመልሰህ ትቅማለህ። ዐስርን በጀመዓ (በኅብረት) ስገድ፤ ሶላቱን እንደጨረስህ አትነሣ። 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር በቀኝ እጅህ ጣቶች ቁጠር። ብዙ ሰው መቶውን በአንድ ደቂቃ ያንበለብለዋል፤ ያኔ ምላስ እንጂ ልብ አይደርስበትም። ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ስጠው፤ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይወስዳል። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቢያመልጥህ በማግሥቱ ቀጥል። ድብርቱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ሳትውል ሳታድር የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ከልጅ ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ቤቱ ጩኸት ነው። ጸጥታ የት ላግኝ?
ከሐረር

መልስ፦ አባታችን፣ ቤቱን ዝም ለማሰኘት አይድከሙ፤ ቀድመውት ይውጡ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከዚያም በመረጡት ጠባብ መንገድ 20 ደቂቃ ይራመዱ። ሐረር ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ያለች ናትና ጋቢ ይደርቡ። ድንጋዩ በዝናብ ስለሚያንሸራትት ከዘራዎን ይያዙ። ሬዲዮ አይክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች እግርዎ መሬቱን ሲነካ ብቻ ያዳምጡ፤ ቀጥሎ በየእርምጃው የሚያመሰግኑበትን አንድ ነገር በልብዎ ይጥቀሱ። በመስጊድ ደጃፍ ሲያልፉ ወይም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ቆም ብለው እንደ ሃይማኖትዎ አጭር ጸሎት ያድርሱ። የልጅ ልጅዎ ልከተል ካለ ይውሰዱት፤ ወሬውን ግን ለመመለሻው መንገድ ያስቀምጥ።