ከእንጨት ሃይድሮጅን ይወጣል?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንጨት በእንፋሎት ሃይድሮጅን ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ! ጉሲንግ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ነበር። የተከተፈ እንጨት አየር በሌለበት ክፍል፣ 850 ዲግሪ ገደማ በጋለ አሸዋ መሃል ይገባና እንፋሎት ይነፋበታል፤ ያኔ እንጨቱ ይከስልና ከሰሉ የውሃውን ኦክስጅን ይነጥቅና ሃይድሮጅኑን ይለቀዋል። ስለዚህ ሃይድሮጅኑ ከእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ከውሃውም ነው የሚመጣው፤ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የተረፈው ከሰል ሌላ ክፍል ውስጥ ይነድና አሸዋውን መልሶ ያግላል። ከሚወጣው ደረቅ ጋዝ 40 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ነው። በእንፋሎት ፈንታ አየር ቢነፋ ናይትሮጅን ገብቶ ያቀጥነዋል። ችግሩ ከጋዙ ጋር ከእንጨቱ የሚወጣው የሚያጣብቅ ሬንጅ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ቧንቧ ይደፍናል። ቤት ውስጥ ግን እንዳትሞክረው! ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ይገድላል።