ክሮም፣ ፋየርፎክስ ወይስ ኦፔራ ሚኒ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ብሮውዘር ናቸው። “የቱ ይሻላል?” ብቻ ለሚለው መልስ የለንም፤ መሣሪያውን፣ ፓኬጁንና የሚሠራውን ሥራ ሳያዩ መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ ሁኔታቸውን ዘርዝረው የጻፉትን አስቀድመናል።

ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ክሮም ላይ ከአምስት ታብ በላይ ስከፍት ይንቀራፈፋል። ኤጅ ወይም ብሬቭ ብጭንበት ይፈጥናል? (ከሐዋሳ)

ብዙ ለውጥ አይጠብቁ። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭና ኦፔራ መልካቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የተሠሩት ክሮሚየም በሚባለው የጉግል መሠረት ላይ ነው። ኦፔራ የራሱን ሞተር (ገጹን አንብቦ የሚያሳየውን ክፍል) ትቶ ወደዚህ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኤጅ ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። ከታወቁት መካከል በሌላ ሞተር የሚሠሩት ፋየርፎክስና የአፕሉ ሳፋሪ ናቸው።

ራሙን (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ሜሞሪ) በዋናነት የሚበሉት የተከፈቱት ገጾች ናቸው። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ እያንዳንዱን ለይቶ ያስኬዳል። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ለራም ግን ከባድ ነው። ማን ምን ያህል እንደያዘ ለማየት ክሮም ላይ ሆነው ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። በሚመጣው ሰንጠረዥ ላይ የሜሞሪውን ርዕስ ጠቅ ሲያደርጉ በመጠን ይደረደራል። ከላይ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ የቪዲዮ ወይም የፌስቡክ ታብ፣ አንዳንዴም መቼ እንደጫኑት የማያስታውሱት ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ኤክስቴንሽኑን ያጥፉት።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ ገብተው ሜሞሪ ሴቨርን ያብሩ። የማያዩዋቸውን ታቦች ከራም ያወጣና ሲመለሱባቸው እንደገና ይጭናቸዋል። እንደገና ሲጭን ግን ዳታ ይፈጃል፤ ኔትወርክ ከሌለም ገጹ አይመለስም። ሁልጊዜ ክፍት መሆን ያለበትን ድረ ገጽ እዚያው ባለው ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። ሲስተም የሚለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ክሮም ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ቁልፍ ያጥፉ።

ይህም ካልረዳ ጥፋቱን በብሮውዘሩ ላይ አያላክኩ። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ሁሉም ነገር የሚቆመው ያኔ ነው። ራም መጨመር ወይም ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) መለወጥ ብሮውዘር ከመቀያየር ይበልጥ ያዋጣል። ራም ከመግዛትዎ በፊት የላፕቶፑ የራም ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ያጣሩ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመር አይቻልም።

ፓኬጄ ቶሎ እያለቀ ተቸግሬአለሁ። ኦፔራ ሚኒ ይቆጥባል ይባላል፤ የባንክ ሥራም ብሠራበት ችግር አለው? (ከደሴ)

ይቆጥባል፤ ለባንክ ግን አይጠቀሙበት። በአንድሮይዱ ኦፔራ ሚኒ ላይ ቁጠባው ደረጃዎች አሉት። ኤክስትሪም በሚለው ላይ ሲሆን ገጹ መጀመሪያ የሚከፈተው በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፤ እዚያ ተጨምቆ ወደ ስልክዎ ይላካል። ዳታው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ በእርስዎና በባንኩ መካከል ተቆልፎ መሄድ የነበረበት መረጃ መሃል ላይ ይፈታል። በዚያ ላይ በስክሪፕት የሚሠሩ ፎርሞች ይበላሻሉ፤ “ቀጥል” የሚለውን ቢጫኑት አይንቀሳቀስም። ለዜናና ለንባብ ኦፔራ ሚኒን ይያዙ፤ ገንዘብ ነክ ለሆነው የባንኩን አፕ ወይም ክሮምን ይጠቀሙ። ክሮም ራሱ ላይት ሞድ የሚባል ዳታ ቆጣቢ ነበረው፤ በ2022 ተቋርጧል፤ አሁንም ፈልጉት የሚሉ ምክሮች ጊዜያቸው አልፏል።

እኛ የምንመርጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ፣ ዩብሎክ ኦሪጂን ከሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ ጋር። ከሜኑው ኤክስቴንሽን ውስጥ ገብተው ይጭኑታል። ማስታወቂያውን ከማገዱ ሌላ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነ ምስልና ቪዲዮ እንዳይወርድ የሚያደርግ ምርጫም አለው። 50 ላይ ተዉት፤ የፈለጉትን ምስል ነክተው ብቻውን ያወርዱታል። በአይፎን ላይ ግን ፋየርፎክስ እንዲህ ዓይነት ኤክስቴንሽን አይቀበልም።

ኮምፒውተሬ ላይ ክሮም ማስታወቂያ ማገጃዬን “አይደገፍም” ብሎ አጠፋብኝ።

ክሮም የኤክስቴንሽን ደንቡን ስለቀየረ ነው። ዩብሎክ ኦሪጂን ላይት የሚባለው ቀለል ያለ ስሪት ክሮም ላይ ይሠራል፤ ሙሉውን ከፈለጉ ፋየርፎክስ ላይ አለ።

የትኛውንም ድረ ገጽ ስከፍት “ግንኙነትዎ የግል አይደለም” የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብሮውዘር ብቀይርም ያው ነው። (ከጎንደር)

ብሮውዘር መቀየሩ ካልረዳ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያቀርበው ሰርተፊኬት (ዲጂታል መታወቂያው) የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው ያለው፤ ሰርተፊኬቱ ሁሉ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ሰዓቱን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ያዛወሩትም ቢሆኑ አይድኑም፦ ገጾቹ ይከፈቱ ይሆናል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የማረጋገጫ ኮዶች ግን “ስህተት” ይላሉ።

ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ያድርጉ፤ እኛም እንደ ናይሮቢ ከግሪንዊች ሰዓት በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከዚያ ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ያብሩት። የእኛን ቀን ለማየት የቀን መቁጠሪያ አፕ ይበቃል። ዴስክቶፕ ከሆነና መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት። ቀኑ ትክክል ሆኖ አንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ፣ ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ብቻ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን አልፈው አይግቡ።

ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም?

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የክሮም የግል መስኮት የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክ ኮምፒውተሩ ላይ አያስቀምጥም፤ ያ ብቻ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢዎ፣ መሥሪያ ቤትዎና የሚገቡበት ድረ ገጽ እንደበፊቱ ያዩዎታል።

የአማርኛው ፊደል ኮምፒውተሬ ላይ ደቃቃ ሆኖ ዓይኔን ያመኛል። እንግሊዝኛው ግን ደህና ነው።

እዚህ ላይ ፋየርፎክስ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፎንትስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሲገቡ በየፊደል ዓይነቱ የተለየ ምርጫ አለ፤ ከዝርዝሩ ኢትዮፒክን መርጠው ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ይስጡት፤ ዝቅተኛውን መጠን 16 ወይም 18 ያድርጉ። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ካላገኙት ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ይጫኑ። ክሮም በሴቲንጉ ለሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት ምርጫ ብቻ ነው የሚሰጠው።

የመሥሪያ ቤታችን ሲስተም ያለ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አይሠራም።

የማይክሮሶፍቱ የድሮ ብሮውዘር ኤክስፕሎረር 11 በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ኤጅ ውስጥ ግን የእሱ ሞድ አለ፦ ሴቲንግ፣ ዲፎልት ብሮውዘር ገብተው ገጾች በኤክስፕሎረር ሞድ እንዲከፈቱ ይፍቀዱ፤ ኤጅን ዘግተው ይክፈቱ፤ የሲስተሙን አድራሻ በዚያው ዝርዝር ላይ ይጨምሩ። በእጅ የጨመሩት አድራሻ የሚቆየው 30 ቀን ነው፤ “ትናንት ይሠራ ነበር” የሚለው ስልክ አይቲ ክፍል የሚደርሰውም ያኔ ነው። በየወሩ ከመሙላት አድራሻውን ለሁሉም ኮምፒውተር በፖሊሲ (ከአንድ ቦታ በሚሰጥ የጋራ ሴቲንግ) እንዲያስገቡት የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ።