የእናቴ ጉልበት ሪህ ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ስትወርድና ከበርጩማ ስትነሣ ይብስባታል። ጎረቤቶች «ሪህ ነው» ስላሏት ሥጋ ትታለች፤ የዩሪክ አሲድ ምርመራዋ ግን ደህና ነው። በቅርቡ አንድ ሐኪም ጉልበቷን አይቶና ራጅ አስነሥቶ «ኦስቲዮአርትራይተስ ነው» አላት። ኤምአርአይ ሳትነሣ ይህ በእርግጥ ሊታወቅ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአገራችን ሪህ የሚለው ቃል የማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም መጠሪያ ሆኖ በመቅረቱ፣ ብዙ ሰው ባልያዘው በሽታ ሥጋ ትቶ ይኖራል። በሕክምናው ሪህ የሚባለው የዩሪክ አሲድ ክሪስታል በመገጣጠሚያ ውስጥ ተከማችቶ የሚያስከትለው፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት ድንገት የሚነሣና የእግርን አውራ ጣት ወይም ሌላ መገጣጠሚያን አቅልቶ የሚያግል ሕመም ነው። የእናትዎ ሕመም አመጣጡ ይህን አይመስልም።

ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ የሚሄድበት በሽታ፣ በዋነኛነት የሚለየው በጥያቄና በእጅ ምርመራ ነው። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ፣ ዕድሜው 45 የሞላ፣ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያውን የሚያመው፣ ጠዋት ሲነሣም መገጣጠሚያው የማይያዝ ወይም ቢያዝ ከ30 ደቂቃ በላይ የማይቆይበት ሰው፣ ሌላ የሚያጠራጥር ምልክት እስከሌለ ድረስ ራጅ እንኳ ሳያስፈልገው በሽታው አለበት ሊባል እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ እናትዎ ስለ ጠዋቱ ሲጠየቁ «ትንሽ ይይዘኛል» ብለው ከማለፍ ይልቅ፣ ፊታቸውን እስኪታጠቡ ይለቃቸው እንደሆነ ወይም እስከ ረፋድ ይቆይባቸው እንደሆነ ለይተው ቢናገሩ ይጠቅማቸዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና የሁለቱም እጆች የጣት አንጓዎች እብጠት ያለበት ከሆነ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ይጠረጠራል። የደም ምርመራም የሚታዘዘው እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው እንጂ ኦስቲዮአርትራይተስን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም።

ሐኪሙ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ እግሩን ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ አሸዋ ሲታሽ የሚሰማው ዓይነት መንኮሻኮሽ በእጁ ይሰማዋል፤ ዳር ዳሩን ሲዳብስ ያበጠና የጠነከረ የአጥንት ጠርዝ ያገኛል፤ ቆዳው ግን ብዙውን ጊዜ አይግልም። ጠንቃቃ ሐኪም ዳሌንም አዟዙሮ ያያል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላልና።

ራጁን በተመለከተ፣ እናትዎ ቆመው ተነሥተው እንደሆነ ይጠይቁ። ተኝቶ በተነሣ ራጅ የሰውነት ክብደት ጉልበቱ ላይ ስለማያርፍ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከእውነተኛው ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ደግሞም ራጅና ሕመም ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ራጁ ክፉኛ የተጎዳ መገጣጠሚያ እያሳየ ያለ ሕመም የሚራመድ ሰው አለ። ኤምአርአይ እንደ እናትዎ ላለ ሕመም በአብዛኛው አያስፈልግም፤ በእኔ እምነት ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒ ቢውል ይሻላል። ሥጋውንም ለዚህ ጉልበት ሲባል መተው አያስፈልጋቸውም።

ጉልበቱ በድንገት አብጦ ቢግልና ትኩሳት ቢከተል ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ያኔ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት።